መጠጥና ጫት ከተተወ በኋላ የሚመጣው ጨለማ ምንድን ነው? ተስፋስ በየት በኩል ይመለሳል?

መጠጥ ወይም ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የማይቀርለት ምርቃት አለ። «እንኳን ከዚህ ጉድ አወጣህ» ይባላል፤ እናት ስለቷን ታስገባለች፤ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይጠራል። ከዚያ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ ማንም ያላስጠነቀቀው ነገር ይመጣል። ሰውየው አልጠጣም፣ አልቃመም፤ ነገር ግን ፊቱ አይፈታም፣ እህል አይጥመውም፣ እንቅልፍ ሸሽቶታል፣ «እንዲህ ሆኜ ከምኖር ድሮ ይሻለኝ ነበር» ማለት ይጀምራል። ቤተሰቡ ይህን ምስጋና ቢስነት ነው ብሎ ይቀየማል፤ እርሱም ከእንግዲህ ሰው እንደማይሆን ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህ ማብራሪያ ያ ጨለማ ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚያልፍና ተስፋ የሚመለስበትን መንገድ ጎንደር ላይ ለሚኖር ሰው በሚሆን መልኩ ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

ሱስ ማለት ሰው ጉዳቱን እያየና ለመተው እየፈለገ መተው ያቃተው ነገር ነው፤ ሕክምናው የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን የሚታከም ሕመም አድርጎ ይቆጥረዋል። ሐራራ የለመዱት ነገር ሲቀር ሰውነትና ሐሳብ አንድ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ማገርሸት ካቆሙ በኋላ ተመልሶ መጀመር ነው፤ ወባ ወይም ቁስል «አገረሸ» እንደምንለው ሁሉ፣ ቃሉ ራሱ ነገሩን ከሕመም ወገን ያስቀምጠዋል። ማገገም ደግሞ ከማቆም ይሰፋል፤ እንቅልፉ፣ ሥራው፣ ቤተሰቡና ደስታው ቀስ እያሉ ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ረጅም ጊዜ ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያቆም ይችላል፤ በአንድ ቀን ያገገመ ግን የለም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምን ለብቻ አይታለፉም?

በመጠጥና በጫት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት። አልኮል አንጎልን የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል በተቃራኒው ራሱን ያነቃቃል። አንድ ሰው በርን ከውጭ ተደግፎ ቢቆምና ውስጥ ያሉት ሰዎች በሩ እንዳይዘጋባቸው ቢገፉት፣ የተደገፈው በድንገት ዘወር ባለ ጊዜ የሚገፉት ተግተልትለው ይወድቃሉ፤ መጠጥ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና ኃይለኛ የልብ ምት ይመጣል፤ ይህም ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

በዚያ ሰዓት የሚታየው መቃዠት «መንፈስ ያዘው» ተብሎ ቤት ውስጥ እንዲያልፍ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ በታወቁ መድኃኒቶች የሚበርድ ነገር ነውና። ሐኪሞች ከማረጋጊያው ጋር ቫይታሚን ቢ1 የሚሰጡት ደግሞ ለረጅም ጊዜ በጠጣ ሰው ላይ የዚህ ቫይታሚን እጥረት አንጎልን ስለሚጎዳ ነው። በየቀኑ አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው፣ ይልቁንም ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንቀጥቅጦ ወይም ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ፣ ማቆሙን በሐኪም ፊት ቢጀምር ይመከራል።

ጫት በአብዛኛው እንዲህ አያደርግም። በውስጡ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም ነው ነጋዴው በቅጠል ሸፍኖ የሚጣደፈው። ያቆመ ሰው ድካም፣ መነጫነጭ፣ ከባድ እንቅልፍና ዱካክ ይገጥመዋል። ዱካክ የሚባለው ቅዠት ለማያውቀው ቀልድ ይመስላል፤ የቀመሰው ግን በሌሊት ደረቱ ላይ የተቀመጠውን ክብደት አይረሳውም። ቢያስፈራም በራሱ የሚገድል አይደለም፤ በጊዜው ይተዋል። ከምርቃና፣ ማለትም ከጫት ሞቅታ፣ ለመውረድ ጨብሲ የሚባለውን መጠጥ የለመደ ሰው ግን ሁለቱን ነው የሚያቆመው፤ ስለዚህ ከላይ ስለ መጠጥ የተባለው እርሱንም ይመለከታል።

ሰውነት ከጸዳ በኋላ ለምን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንጎላችን የሚጠቅመንን ነገር ስናደርግ «ይህን ድገመው» የሚል መልእክት የሚያስተላልፍበት ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል አለ። ትኩስ ሽሮ፣ የልጅ ሳቅ፣ የተከፈለ ደመወዝ፣ የተጠናቀቀ ሥራ፣ ሁሉም መጠነኛ ድርሻቸውን ያፈሳሉ። ጫትና አልኮል ደግሞ ያንኑ መልእክት ያለ ልክ ያጎርፋሉ። ጎርፉ በየቀኑ ሲመጣ አንጎል መቀበያዎቹን ይቀንሳል፤ ጎረቤቱ በየሌሊቱ ማጉያ የሚከፍትበት ሰው መስኮቱን እንደሚደፍን ማለት ነው። ሱሱ ሲቆም ጩኸቱ ይቀራል፤ መስኮቱ ግን ገና እንደተደፈነ ነው። በዚህ ጊዜ የልጁ ሳቅ ቢደርስም አይሰማም።

ለጎንደር ሰው ቅርብ የሆነ ምስል አለ፤ የአፄ ፋሲል መዋኛ። ለጥምቀት ነጭ ለባሹ ሕዝብ ዙሪያውን ሞልቶ የሚታየው ያ ባሕር በሌላው የዓመቱ ክፍል ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። በክረምት ማብቂያ ጎራ ያለ እንግዳ ግንቡንና የዛፎቹን ሥር ብቻ አይቶ «ፈርሶ ነው?» ሊል ይችላል። አልፈረሰም። በዓሉ ሲቃረብ የቀሃ ወንዝ ውኃ በቦይ ይለቀቅበታል፤ በአንድ ሌሊት ሳይሆን ቀናት ወስዶ ይሞላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወለሉን ብቻ ያረጠበውን ውኃ የሚያይ ሰው፣ ሊቃውንቱ የሚባርኩትና ወጣቱ የሚዘልበት ባሕር ይሆናል ብሎ ለማመን ይቸገራል።

በማገገም ላይ ያለ አንጎልም በዚሁ ዓይነት ነው የሚሞላው፤ ባዶ ሆነ እንጂ አልፈረሰም። መጠጥ ባቆሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ የአንጎል ምርመራዎች፣ በመጠጥ ምክንያት ሟሽሾ የነበረው የአንጎል መጠን ከሳምንታት በኋላ በከፊል መመለስ እንደሚጀምር ያሳያሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ከባድ ሐዘን በብዙ ሰዎች ላይ በ4 ሳምንት ውስጥ ይቀልላል፤ የእንቅልፍ መዛባትና የደስታ ማጣት ግን ወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ወር «ምንም አያስደስተኝም» የሚል ሰው የተናገረው እውነት ነው፤ የተሳሳተው «ከእንግዲህም አያስደስተኝም» ያለ ጊዜ ነው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ለይቶ መስማት ለቤተሰብም ለሐኪምም ትልቅ ሥራ ነው።

ተስፋ እስኪመጣ የሚጠበቅ ስሜት ነው?

በተለምዶ ተስፋ ከላይ የሚወርድ ደስ የሚል ስሜት ይመስለናል። እንደዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከላይ የተገለጸው ሰው ተስፋ የሚያገኝበት መንገድ አይኖርም ነበር፤ የተደፈነው ስሜቱ ነውና። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቻርልስ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። በእርሱ አመለካከት ተስፋ ሦስት ነገር ነው፦ የሚደረስበት ግብ፣ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ፣ በመንገዱም «መሄድ እችላለሁ» ማለት። መንገዱ ቢዘጋ ሌላ መንገድ ማሰብም የተስፋው አካል ነው። ይህ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ ሦስቱም ሰው ደስ ባይለውም ሊሠራባቸው የሚችሉ መሆናቸው ነው።

ግቡ ሲያንስ ይሻላል። «ዳግመኛ በሕይወቴ አልጠጣም» የሚለው ቃል ሲሰማ ያምራል፤ ለመጨበጥ ግን ሰፊ ነው። «ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ በሌላ መንገድ ቤቴ እገባለሁ» የሚለው ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መሳካቱ ይታወቃል። «እችላለሁ» የሚለው ደግሞ ያለ ማስረጃ አይመጣም። ጎንደሬው ብዙ ጊዜ ያላስተዋለው ማስረጃ በእጁ አለ፤ ጾም ነው። 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት መጠጥ ሳይቀምስ የሚፈጽም፣ ለፋሲካ ግን የሚመለስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሰው ይህን ሲያይ «ለጾም ብቻ ነው የሚችለው» ይላል። መቻሉ ግን ተረጋግጧል። ችግሩ ጾሙ የመፍቻ ቀን ስላለው ሐሳቡ ወደዚያ ቀን እየቆጠረ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ዕቅድ የሚያስፈልገው ለጾሙ ሳይሆን ለትንሣኤ ማግስት ነው።

መንገድ የሚለው ነገር ኑሮንም ይጨምራል። አረቄ እያወጣች ወይም ጠላ እየጠመቀች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ራሷ መጠጥ ለማቆም ብትወስን፣ ሐራራዋ የሚነሣው ከመተዳደሪያዋ ላይ ነው፤ እርሷን «ከመጠጥ ቦታ ራቂ» ማለት ከቤትሽ ውጪ ከማለት አይለይም። ለእርሷ መንገዱ ምናልባት መቅመሱን ለሌላ ሰው ማስያዝ፣ ቀስ በቀስም ከዕቁቧ ወይም ከዘመድ በሚገኝ መነሻ እንጀራ ወይም በርበሬ ወደ መሸጥ መዞር ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ከምክር ክፍሉ ውጭ የሚያልቅ ስለሆነ በጥናቶች ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ ያገኘ አይመስለኝም።

ሐራራው ሲነሣ በውስጥ ምን ይካሄዳል?

አንድ ግንበኛ እናስብ። ካቆመ 23ኛ ቀኑ ነው። አዘዞ ሲሠራ ውሎ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲሚንቶ የደረቀበትን እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤቱ ያዘግማል። ከመንገዱ ዳር፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቷል፤ ጠላ ቤት ነው። ምንም አላሰበም፤ ግን ምራቁ ሞላ፣ እርምጃው ሳያውቀው ቀዘቀዘ፣ የጌሾው ሽታ ገና ሳይደርስበት አፍንጫው ላይ መጣ። ጣሳው ለአንጎሉ ደወል ሆኖበታል፤ ለዓመታት ከዚያ ጣሳ በኋላ የሚመጣውን ነገር ስለተማረ፣ ገና ከሩቅ ሲያየው መልእክቱን ይለቃል። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም፤ የቤታችን ድመት የቢላዋ ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች እንደምትመጣው ያለ ትምህርት ነው።

ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ሐራራው ካልጠጣ በቀር እየጨመረ ሄዶ የሚያፈነዳው ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። ሐራራ እንደ ሞገድ ይነሣል፣ ከፍ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይወርዳል። ግንበኛው ከጣሳው ጋር እየተሟገተ እዚያው ከቆመ ሞገዱ ይረዝማል። ባጃጅ ይዞ ከሄደ፣ ወይም ስልኩን አውጥቶ «እታለም፣ እራት ደርሷል? መምጣቴ ነው» ብሎ እህቱን ካነጋገረ፣ ቤቱ ሲደርስ ሞገዱ ሊወርድ ይችላል። ረኃብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካም ሞገዱን ያጠነክሩታል፤ ግንበኛው ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን ተሸክሟል። ስለዚህ ከሥራ ሳይወጣ ሁለት ፓስቲ መብላቱ ከብዙ ምክር ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል። አንድ ጊዜ ሳይጠጣ ያለፈው ጣሳ ለነገው ትንሽ ደወሉን ያደክመዋል።

ካገረሸ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ የታወቀ ጽሑፍ ሱስን ከሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ ላይ ያገረሻል፤ በደም ግፊትና በአስም ሕሙማን ላይ ሕመሙ ተመልሶ የሚብሰው ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው። ግፊቱ የጨመረበትን ሰው «ድሮም አይሆንለትም» የሚለው የለም፤ መድኃኒቱ ይስተካከላል፣ ጨው ይቀነሳል። ላገረሸበት ሰውም የሚገባው እንዲሁ ምን እንደተጓደለ አይቶ ማስተካከል ነው።

በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሣው አለን ማርላት አንድ ወሳኝ ልዩነት አሳይቷል። የመጀመሪያው ብርጭቆ አንድ ነገር ነው፤ ከብርጭቆው በኋላ ሰው ለራሱ የሚነግረው ሌላ ነገር ነው። «ተሰናከልኩ» ያለ ሰው ይነሣል። «ያው ነኝ፣ አልለወጥም» ያለው ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል። ከሁለተኛው ብርጭቆ በላይ የሚጎዳው እፍረቱ ነው ማለት ይቻላል። የተሰባሰቡት 60 ንጹሕ ቀናት በአንድ ምሽት አይሰረዙም፤ አንጎሉ በእነዚያ ቀናት ያገኘው ጥገና፣ ሰውየውም የተማረው ብልኃት አብረውት አሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው በሌላ በኩል ነው፤ ሰውነት ድሮ ይችል የነበረውን መጠን አሁን አይችልም፣ እንደ ድሮው ልጠጣ ማለት ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል።

«በሞቴ!» ለሚል ምን ይመለሳል?

ጎንደር ላይ መጠጥ ከግሮሰሪ ይልቅ የሚከብደው በፍቅር ሲቀርብ ነው። በጽዋ ማኅበሩ፣ በክርስትናው፣ በተዝካሩ ጠላው ይዞራል፤ ባልትና ያላት እመቤት «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ ቅመሳት» ስትል እምቢታው ጠላውን ሳይሆን እርሷን የመናቅ ይመስላል። የሚሠራው መልስ አጭርና በአክብሮት የተነገረ ነው፤ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ከተባለ ክርክሩ ያበቃል፣ ውሸትም የለበትም። ብርጭቆውን ባዶውን አለመያዝም ይረዳል፤ ውኃ ወይም አዲስ የተበጠበጠ ብርዝ በእጁ ያለን ሰው ማንም አይቀዳለትም። ብርዝ ግን ካደረ መፍላት ይጀምራል። ቅራሪም ቢሆን ውኃ አይደለም፤ ቀጠነ እንጂ ጠላ ነው።

ማኅበሩን ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይመስልም። ሰው ከሱስ የሚወጣው በሰው መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካዋ አክረን ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ፣ እርስ በርስ በመነጋገር ብቻ መታቀብ እንደሚቀላቸው አይተው የጀመሩት የመረዳጃ ስብሰባ ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን ያካተተ የኮክሬን ግምገማ፣ ሰዎችን ወደ እንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ የሚያስገባ ድጋፍ ከመጠጥ ለመታቀብ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። በየወሩ ተራ ጠብቆ መሰብሰብን፣ የቀረውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ሦስት ያቆሙ ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ቢገናኙ ከአቦሉ እስከ በረካው የሚያወሩት አያጡም።

ጸበል ወይስ ሐኪም?

ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ጸሎት፣ የንስሐ አባት ምክርና የጸበል ቆይታ ሰውየውን ከጣሳውና ከጓደኛው ያርቁታል፣ የቀኑን ሥርዓት ይሰጡታል፣ ብቻውን እንዳልሆነም ያሳዩታል፤ እነዚህ ሁሉ የማገገም አካል ናቸው። የሚጎዳው ጸበል ልገባ ነው ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹ የመንቀጥቀጥ ቀናት ሐኪም ሳያያቸው ሲያልፉ ነው።

ነገሩ ከጊዜያዊ ጨለማ ያለፈ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ካቆመ ከ4 ሳምንት በኋላም ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ከሆነ፣ ምግብና እንቅልፍ ካልተመለሱ፣ ሰውየው ከሰው ፊት ከጠፋ፣ ለብቻው የሚታከም ድብርት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። «ብሞት ይሻላል» ማለት ከጀመረ፣ ንብረቱን ማደል ወይም መሰናበት የሚመስል ነገር ካሳየ ግን ሳምንት አይቆጠርም፤ ብቻውን አይተውም፣ ገመድ፣ መርዝና መሣሪያ ከቤት ይርቃል፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰዳል። «ሞት ታስባለህ ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በሥሩ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከከተማ ውጭ ላለ ሰው መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችም የመጠጥንና የድብርትን ችግር እንዲያዩ ይሠለጥናሉ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ሊኖር ስለሚችል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊያልቅበት ሲል ሳይሆን ሳምንት ሲቀረው ቢመለስ፣ የሐኪሙንም የቀጠሮ ወረቀት ከቤተሰብ አንዱ ቢይዝለት ይበጃል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ አራት ነገር በወረቀት ተጽፎ ቢያዝ ጊዜ ይቆጥባል፦ መጨረሻ የተጠጣበት ወይም የተቃመበት ቀንና ሰዓት፣ በቀን ስንት መለኪያ ወይም ስንት ብር የሚያወጣ ጫት እንደነበረ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ወይም ቃዥቶ እንደሆነ፣ አሁን የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት። መጠኑን ከእፍረት የተነሣ ማሳነስ የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ግን የማረጋጊያውን ልክ የሚወስነው በዚያ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አብሮ የሄደው ወንድም ወይም ሚስት ቁጥሩን በትሕትና ቢያስተካክሉለት ነውር የለበትም።